ስለ ልብ ቍስለኞችና ስለ አጥማቂዎች

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ተጀምሮ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያፈረሰውን ቤትና ድልድይ መንግሥትም ሕዝብም ይቈጥረዋል። በሰው ልብ ውስጥ ያፈረሰውን የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ማለቂያም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሥቶ ቍስሉ ሳይደርቅ ተደገመ። ሌሊት እየባነነ የሚጮኽ፣ በር ሲንኳኳ ከአልጋ ሥር የሚገባ፣ የገዛ ልጁን አቅፎ መሳም ያቃተው ሰው በየመንደሩ አለ።

እንዲህ ያለው ሰው ወዴት ይሂድ? ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ያሉን የአእምሮ ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙትም በታላላቅ ከተሞች ይኖራሉ። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሩ ብቸኛ ሆኖ ኖሯል። ከላስታ ወይም ከተንቤን ገጠር የተነሣ ገበሬ እዚያ እስኪደርስ በሬውን ሸጦ ይጨርሳል። ጸበሉ ግን ቅርብ ነው፤ ካህኑም ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ወደ ጸበል መሄዱን ያለመሠልጠን ነው እያሉ የሚነቅፉ የከተማ ምሁራን ሊያፍሩ ይገባቸዋል፤ ሌላ በር ሳይከፍቱለት በተከፈተው በር ገባ ብለው ይወቅሱታልና።

ነገር ግን ክርክሬ ከእነርሱ ጋር አይደለም፤ ከእኛው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ነው። ሕመምተኛው በዚያ በር ከገባ በኋላ ምን ያገኛል?

በአንድ ጸበል ቦታ ያየሁትን ልናገር፤ የቦታውን ስም አልጠራም። ከጦር ሜዳ የተመለሰ፣ ዕድሜው ከ25 የማይበልጥ ወጣት በሰንሰለት ታስሮ በሕዝብ ፊት ቀረበ። አጥማቂ ነኝ ባዩ የድምፅ ማጉያውን ከጆሮው አስጠግቶ «ማን ነህ? ተናገር! ልቀቅ!» እያለ ይጮኽበታል፤ ሌላው በስልክ ይቀርጻል። ወጣቱ ደንግጦ ከመሬት ወደቀና ራሱን በሁለት ክንዱ ሸፈነ። ሕዝቡም ጋኔኑ ወደቀ ብሎ እልል አለ። እኔ ያየሁት ግን ከመድፍ የሚሸሸግ ወታደር ነው። እናቱ ከአጠገቤ ቆማ ነበርና «መድኃኒት ጀምሮ ነበር፤ እዚህ ስንገባ ጣሉት አሉን» አለችኝ።

ይህን ማን አዘዘ? ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤድስ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ ተናግረዋል። ለዚያ ሕመም የተፈቀደው ለዚህ ሕመም በምን ሕግ ተከለከለ? ርኩስ መንፈስ የለም ማለቴ አይደለም፤ ወንጌልን የሚያነብ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ነገር ግን ማቴዎስ ራሱ ሽባውንና የሚጥል በሽታ ያለበትን ጋኔን ካደረበት ሰው ለይቶ ይጠራል። እኛ ስለ ምን ሁሉን በአንድ ስም እንጠራለን?

ከዚህም የሚከፋ አለ። በጦርነቱ በግፍ የተደፈሩ ሴቶች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዲቱ ለዘመዷ እንኳ ያልገለጠችውን ለንስሐ አባቷ ብትናገር፣ ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጥቶ የሚያሰናብታት ካህን አለ። ቀኖና ስለ ምን? ንስሐ ለበደለ ነው፤ እርሷ ግን የተበደለች ናት። የሌላውን ኃጢአት በትከሻዋ ጭኖ የሚሰዳት ካህን፣ ምንም እንኳ በቅን ልቡና ቢያደርገው፣ ሁለተኛ ያቈስላታል። «ልጄ፣ አንቺ አልበደልሽም» የሚለውን ቃል ልትሰማ ነው የመጣችው፤ ይህንንም ቃል ማንም ሐኪም እንደ ንስሐ አባቷ አድርጎ ሊነግራት አይችልም። በእጃችን ያለ መድኃኒት ይህ ሆኖ ሳለ ሌላውን እንሰጣታለን።

ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን ለምኖ ከክትክታው ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ምን አደረገ? አልገሠጸውም፤ እምነትህ ጐደለ አላለውም። ቀስቅሶ አበላው፤ ኤልያስም በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ፤ መልአኩም ተመልሶ አበላው። ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ በኮሬብ ነው። የእኛ አጥማቂ ግን ያልበላውንና ያልተኛውን ሰው በመጀመሪያዪቱ ሰዓት ይጠይቃል።

ሰንሰለቱን ያመጣው ቤተ ሰቡ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የቸገረው ቤተ ሰብ ያስራል። ቍልፉን ግን በዚያ ቀን በአጥማቂው ረዳት ወገብ ላይ አየሁት። የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበል ቦታ ካህናት ተስማምተው ሕመምተኛውን በሁለቱም የረዱበት ሥራ በአገራችን ተሞክሯል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚል ሰበብ የለም። የየደብሩ አለቆች ሰንሰለቱን ያስፈቱ፤ የድምፅ ማጉያውንና ስልኩን ከሕሙማን ፊት ያስነሡ፤ መድኃኒት ጣሉ የሚለውን ሰው ከጸበሉ ያርቁ። የየሀገረ ስብከቱ አባቶችም የንስሐ አባቶችን ሰብስበው የተበደለችን ሴት እንዴት እንደሚቀበሏት ከሚመጣው ዐቢይ ጾም በፊት ያስተምሯቸው።