አበበ ቢቂላ ጫማ አድርጎም አሸንፏል

በጂዛን፣ በሰብያ፣ በአቡ አሪሽና በሳምጣ ስለ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ሲወራ የማይቀር አንድ የዐረብኛ ቃል አለ፤ «ሰቡራ»። ታጋሽ፣ ቻይ ማለት ነው። በምስጋና የሚነገር ቃል ስለሆነ እኔም ስተረጉም በምስጋናነቱ አስተላልፈዋለሁ። ለእኛ ጆሮ ግን ግራ ያጋባል። በዐረብኛ «ሰበረ» ማለት ታገሠ ማለት ነው። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ዕረፍትና ሕክምና የሌለው ትዕግሥት ሲቆይ መጨረሻው የአማርኛው ትርጉም ይሆናል።

ስለ መቻል በተወራ ቁጥር የአበበ ቢቂላ ስም ይነሣል። «አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አሸነፈ፣ እኛስ ምን አቃተን?» እንባባላለን። ከየመን በኩል በእግሯ ተጉዛ ጂዛን ለደረሰች እኅት ይህ ታሪክ ስንቅ ነው፤ ማንም ሊወስድባት አይገባም። ግን የምንናገረው ግማሹን ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት አበበ ያሸነፈው መከራ ስለቻለ አይደለም። ስለተዘጋጀና ተንከባካቢ ስለነበረው ነው።

ታሪኩን ከሮም እንጀምር። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። የከተማዋን ሙቀት ለመሸሽ ማራቶኑ ወደ ማምሻ ተዛውሮ ስለነበር፣ ሯጮቹ መጨረሻውን የሮጡት ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ነው። አበበ ከሞሮኳዊው ራዲ ቢን ዐብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሮጥ ቆየ። ያን ጊዜ ገና ወደ አገሩ ያልተመለሰው የአክሱም ሐውልት በቆመበት አካባቢ ፍጥነቱን ጨመረና ተለየው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቀድሞ ገባ፤ ራዲ በ25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ተከተለው። የማራቶኑን ወርቅና ብር የወሰዱት ሁለት አፍሪካውያን፣ አንድ ሐበሻና አንድ ዐረብ ነበሩ። እዚህ አገር ስለ ሩጫ ወሬ ሲነሣ ብትነግሯቸው የሚያስደስት ታሪክ ነው።

ታዲያ ያለ ጫማ ለምን ሮጠ? ሮም ላይ የሞከረው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ በልምምድ የለመደው ነገር ነበር። የማይመች ጫማ አድርጎ እግሩን ከማቁሰል የለመደውን መረጠ። ይህ አስቦ የመረጠው ነገር ነው።

ከጀርባው የነበረውንም እንይ። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ደመወዝና ማዕረግ ነበረው። ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበረው። አሠልጣኝ ያለው ሯጭ የሚሮጥበት ሰዓት አለው፤ የሚያርፍበትም ሰዓት አለው። ዕረፍቱ የልምምዱ ክፍል ነው እንጂ ስንፍና አይባልም።

ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። ከውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ትርፍ አንጀት አመመው። ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ የፈጠነና በጊዜው ዓለም ያላየው ሰዓት ነበር። ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። መንገዱና አየሩ ይለያያል፣ ሁለቱ አይወዳደሩም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ልክ ነው። ቢያንስ ግን መታከሙም ሆነ ጫማ ማድረጉ ጀግንነቱን አልቀነሰበትም።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት ስለነበር ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ወርቁን የወሰደው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው፣ ዓለም ሁሉ እያየው፣ «እዚህ ላይ ይበቃኛል» አለ። ታምማ ወደ አገሯ የምትመለስ እኅት ሰፈር ውስጥ «ሳይሳካላት መጣች» ስትባል ይህን አስታውሱ። አበበን ተሸነፈ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም።

በዚያው ዓመት በመጋቢት የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልቆመም። እንግሊዝ አገር ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ኖርዌይ ውስጥም በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። መሮጥ ካቆመ በኋላም አበበ አበበ ነበር። ይህ ለእናንተም ይሠራል፤ ዋጋችሁ በጉልበታችሁ ብቻ አይለካም።

የቤት ሥራ ጫማ ምንድን ነው? ውል፣ በወሩ የሚገባ ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ ሕክምና፣ በእጅ ያለ ፓስፖርት። እነዚህ የማዳም ችሮታ አይደሉም። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። ሁለት ዓመት ሠርታ ውሏን ለምታድስ ሠራተኛ ደመወዝ ያለው የአንድ ወር ዕረፍት ይፈቅዳል። በሐኪም ወረቀት የሕመም ፈቃድም አለ። በሙሳነድ የመጣችሁ ውላችሁን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ የማታነብ ካለች የምታነበው ታንብብላት።

«ብጠይቅ ማዳም ትቆጣለች» የምትል ትኖራለች። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም፤ ጅዳ ያለው ቆንስላችን ከጂዛን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሩ የሚዘጋው ደግሞ በእሷ ላይ ነው። ስለዚህ ጊዜ መምረጥ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል። «ፊ ዐቅዲ የውም ራሓ» ማለት «በውሌ የዕረፍት ቀን አለ» ማለት ነው። ስድብ የለበትም፤ ልመናም የለበትም። ዐረቦች ለሰው የሚገባውን «ሐቅ» ይሉታል፤ በአማርኛ እውነት የምንልበት ቃል ነው።

ያለ ወረቀት ድንበር አቋርጣ የገባችው እኅት ውል የላትም፤ ለእሷ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ሊመስላት ይችላል። እሷም ብትሆን ሥራ የጀመረችበትን ቀን፣ የተነገራትን ደመወዝ፣ የተቀበለችውን ገንዘብና የቤቱን አድራሻ ጽፋ ትያዝ። አንድ ቀን ሐቋን የምትጠይቅበት በር ቢከፈት ባዶ እጇን እንዳትገባ።

አገር ቤት ላላችሁ ቤተሰቦችም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ደውላ «አሞኛል» ስትላችሁ «ቻይው» ብቻ አትበሏት። መጀመሪያ «ሐኪም አየሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። የሚላከው ብር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።