የሐኪም ፈቃድ ለማን?

የጅማ ብስክሌተኛ ከውድድር በፊት ቡናውን ቢደጋግም ማንም አይከሰውም፤ ካፌይን ከተከለከሉት አበረታች ንጥረ ነገሮች ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጉንፋን ይዞት ከአጋሮ መድኃኒት ቤት የገዛው ሽሮፕ ሱዶኤፌድሪን የተባለው አበረታች ካለበት ግን ከውድድር በኋላ የሚሰጠው ሽንት ሊያስቀጣው ይችላል። በሌላ በኩል ብሪታንያዊው ብስክሌተኛ ብራድሊ ዊጊንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሸነፈው ቱር ደ ፍራንስ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ትሪያምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ ተወግቷል፤ ለአስምና ለአለርጂ ተብሎ፣ የተከለከለ መድኃኒት ለታካሚ በሚፈቅድ የሕክምና ፈቃድ። ዓለም የሰማው እ.ኤ.አ. በ2016፣ የኮምፒውተር ሰርሳሪዎች የፈቃዱን ሰነድ ሲያወጡት ነው። አልተቀጣም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፦ የቡድን ሐኪም ያለው የፈቃዱን በር ያውቀዋል፣ ለእኛ ልጅ ግን በሩ መኖሩን ማን ነገረው? አስም ያለበት ወጣት ታክሞ መወዳደር መብቱ ነው። የኢትዮጵያ ፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣን የፈቃዱን አሠራር ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ገነት ክለቦችና መድኃኒት ቤቶች ያድርስ።