የናፍጣ ወፍጮና የመብራት ወፍጮ

ዛሬ ስለ ንግድ ፉክክር እንጨዋወታለን። በተለይ ባልና ሚስት ሆናችሁ ሱቅ የከፈታችሁ፣ ወፍጮ የተከላችሁ፣ ምግብ ቤት የምታስተዳድሩ፣ እባካችሁ ይህን አብራችሁ አንብቡት። ለምን አብራችሁ እንዳልኩ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ ስሟን ልተወውና፣ በአንድ አጥቢያ የሚያመልኩ ሁለት ወንድሞች ነበሩ። የምእመናኑ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ሁሉም እንደ ቤተሰብ ነው የሚተያየው። አንደኛው ወንድም ለብዙ ዓመታት የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ የገጠሩ ሰው ገብሱንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ የሚመጣው ወደ እርሱ ነበር። በኋላ የመብራት መስመር ወደ ከተማዋ ሲገባ ሁለተኛው ወንድም ገንዘብ ተበድሮ የመብራት ወፍጮ ተከለ። የማስፈጫውንም ዋጋ ዝቅ አደረገ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ባለ ናፍጣው፣ “የመብራት ወፍጮ ዱቄቱን ያቃጥለዋል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም” ማለት ጀመረ። ባለ መብራቱም፣ “የእርሱ ዱቄት ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል” ብሎ መለሰ። እሑድ እሑድ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይቀመጣሉ። የጌታ እራት በሚወሰድበት ቀን ደግሞ አንዳቸው ይቀራሉ። ሽማግሌዎች ስለ ይስሐቅ የውኃ ጉድጓዶች አስተማሩ፤ ሁለቱም ትምህርቱ ለሌላው የተሰጠ መሰላቸው። ተጠርተው ሲጠየቁ፣ “ይህ መንፈሳዊ ጉዳይ አይደለም፣ ንግድ ነው” አሉ። በዚህ ብቻ ተስማሙ!

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ስሰማቸው ትዝ ያለኝ ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ የሆነ ሌላ ጠብ ነው። እርሱም ስለ መብራት ነበር።

ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ፐርል በተባለው ጎዳና ላይ የኃይል ማመንጫ ከፍቶ ወደ 400 የሚጠጉ አምፖሎችን አበራ። የእርሱ ዘዴ ቀጥተኛ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፍሰት ነበር። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከማመንጫው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከራቀ ይደክማል። ስለዚህ ለየሰፈሩ ማመንጫ መትከል ግድ ይሆናል። በባቡር የአየር ፍሬን የከበረው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ደግሞ ከ1886 ጀምሮ ተለዋዋጭ የተባለውን ፍሰት ያዘ። የዚህ ብልሃቱ ትራንስፎርመሩ ነው፤ ኃይሉ ሲነሳ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ሩቅ ይልከዋል፣ ሰፈር ሲደርስ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። በሰፈራችሁ እንጨት ላይ ተሰቅሎ የምታዩት ያው ነው።

ኤዲሰን ምን አደረገ? በራሱ ኩባንያ ውስጥ አዲሱን ዘዴ እንያዝ የሚሉ ባለሙያዎች ነበሩት፤ አልሰማቸውም። ይልቁንም የተወዳዳሪውን ዕቃ ገዳይ ነው እያለ ሕዝቡን ማስፈራራት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1888 ሃሮልድ ብራውን የተባለ ሰው ውሾችን በተለዋዋጭ ፍሰት እየገደለ በሰው ፊት አሳየ። ለዚህ ሰው ሙከራ ቤተ ሙከራውን የፈቀደለት ኤዲሰን ነበር። የኒው ዮርክ ግዛት ሞት የተፈረደባቸውን በኤሌክትሪክ ለመግደል በወሰነ ጊዜም ብራውን የዌስቲንግሃውስን ማሽን በስውር ገዝቶ አቀረበ። ኦገስት 6 ቀን 1890 ዊልያም ኬምለር የተባለ እስረኛ በወንበሩ ላይ ተገደለ፤ የመጀመሪያው ስላልገደለው ሁለተኛ ተለቀቀበት። የሰው ነፍስ ለገበያ ሽሚያ ማስታወቂያ ሆነች! (በነገራችን ላይ፣ ዐፄ ምኒልክ ይህን ወንበር አስመጥተው ዙፋን አደረጉት የሚባለው ወሬ ማስረጃ ያልተገኘለት ተረት ነው።)

እውነት ለመናገር የኤዲሰን ፍርሃት ሁሉ ውሸት አልነበረም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ሽቦ ሰው ይገድላል። የእኛም ባለ ናፍጣ ፈጽሞ አልዋሸም፤ ድንጋዩ በደንብ ካልተወቀረ ዱቄት መጋሉ አይቀርም። ግን ይህ በየትኛውም ወፍጮ ይደርሳል። ከእውነት ላይ ቆንጥሮ ወንድምን መምቻ ማድረግ ከውሸት ይልቅ ለማመን ይቀላልና አደገኛ ነው።

ትርፉስ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1892 የኤዲሰን ኩባንያ ቶምሰን ሂውስተን ከተባለ ተወዳዳሪ ጋር ተዋህዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲባል የኤዲሰን ስም ከመጠሪያው ወጣ። አዲሱ ኩባንያም ተለዋዋጩን ፍሰት ይሠራ ነበር። በ1893 የቺካጎን የዓለም ትርኢት ያበራው ዌስቲንግሃውስ ነው። በ1896 ከናያጋራ ፏፏቴ የተነሳ ኃይል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡፋሎ ከተማ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሁለቱ ኩባንያዎች የፈጠራ መብቶቻቸውን በጋራ ለመጠቀም ተስማሙ። ያ ሁሉ ስም ማጥፋት፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ለምን ነበር ያሰኛል። ዌስቲንግሃውስም ቢሆን አሸናፊ ሆኖ አልዘለቀም፤ ከ1907ቱ የገንዘብ ቀውስ የተነሳ ኩባንያው ከእጁ ወጣ። በ1911 የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ስለ ተለዋዋጭ ፍሰት ሥራው ሜዳሊያ ሸለሙት። የሜዳሊያው ስም ምን ይመስላችኋል? የኤዲሰን ሜዳሊያ!

በአገራችን የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በለስ ደግሞ በ2010 ተመረቀ። ኃይል በባሕር ዳር በኩል ተራራውን ተሻግሮ ጎንደር የሚደርሰው ገዳይ ነው በተባለው ፍሰት ነው። በያኔው የኤዲሰን ዘዴ ቢሆን ለአራዳ አንድ፣ ለማራኪ አንድ፣ ለአዘዞም ሌላ ማመንጫ ማቆም ባስፈለገ ነበር።

አሁን ወደ ባለ ናፍጣው ቤት እንመለስ። ባል ሲያማ ሚስት ትጽፍ ነበር። በልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ጀርባ ላይ የገባውን እህል፣ ቀኑንና የተከፈለውን ሁሉ መዝግባለች። አንድ ምሽት ለባሏ አነበበችለት። የከተማዋ ሴቶች የሄዱት በእንጀራው ዓይን ምክንያት አይደለም፤ ዋጋው ስለሚቀልና ወረፋው ስለሚያጥር ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ገበሬዎች ግን አልቀሩም፤ ማልደው ስለሚደርሱ በጊዜ የከፈተላቸውን ይፈልጋሉ። ከሁሉ የበለጠ ገቢ የተገኘው ደግሞ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ነበር። “አንተ ሌሊት ተኝተህ እንኳ ከእርሱ ጋር ትጣላለህ። በዚህ ደብተር ውስጥ ግን የእርሱ ስም አንድም ቦታ የለም” አለችው። ሁለት ቀን አኮረፋት።

እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ደብተር አለ? ማን ይጽፈዋል? ማንስ ያነበዋል? ብዙ ወንዶች ስለ ተወዳዳሪያቸው የሚያውቁትን ያህል ስለ ደንበኞቻቸው አያውቁም። ሚስቶቻቸው ግን ያውቃሉ፤ በወረፋው መካከል የሚቆሙት እነርሱ ናቸውና።

በሦስተኛው ቀን ሚስትየዋ የባለ መብራቱን ባለቤት ቤቷ ሄዳ አነጋገረቻት። ለካ እነርሱም መከራ ላይ ነበሩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ወረፋ የያዘው ሰው ይቆጣል፣ ብድሩ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል። ሴቶቹ በተስማሙበት ነገር ባሎቹ ሦስት ጊዜ ተጣሉበት። መብራት ሲጠፋ እህሉ ወደ ናፍጣው ወፍጮ ይሂድ ከተባለ፣ ናፍጣ ውድ ስለሆነ የዋጋውን ልዩነት ማን ይክፈል? በመጨረሻ እኩል ለመካፈል ተስማሙ። ባለ ናፍጣውም ለገበሬዎቹ ሲል ከንጋት በፊት መክፈት ጀመረ።

ስምምነቱ በተደረገ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ጠፋ። ባለ መብራቱ የአንዲት እናት ማዳበሪያ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ፣ ሌሎቹን አስከትሎ ወደ ናፍጣው ወፍጮ መጣ። እኚያ እናት በሩ ላይ ቆም አሉና፣ “እንዴ፣ የእርሱ ዱቄት ናፍጣ ይሸታል አላልከንም?” አሉት። መልስ አልነበረውም። ማዳበሪያውን ከትከሻው አውርዶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ፤ ባለ ናፍጣውም እየሳቀ ሞተሩን ሊያስነሳ ገባ።