ፍሬው ለዶላር፣ ገለፈቱ ለባለቤቱ

«ቡና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት ነው» የሚለውን አባባል ከተማሪ ቤት ጀምሮ ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በንጉሡ ዘመን ተብሏል፤ በደርግ ዘመን ተብሏል፤ በኢሕአዴግም ተብሏል፤ ዛሬም ይባላል። መንግሥት ይለወጣል፣ አባባሉ ግን እንደቆመ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። አጥንቱ የአገር ከሆነ ጀርባው የማን ነው? ጥያቄው ስኒውን ይዞ ካፌ ለተቀመጠ የአዲስ አበባ ሰው የቃላት ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። ለአጋሮ፣ ለየቡ፣ ለሊሙ ገነትና ለጌራ ሰው ግን ጥቅምት ጠብቶ ቡናው መቅላት በጀመረ ቁጥር የሚነሳ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስም እናውራ። በዓለም የቡና ገበያ ጅማ በይበልጥ የምትታወቀው «ጅማ አምስት» በሚባል ስም ነው። በፀሐይ የደረቀ፣ ያልታጠበ፣ አምስተኛ ደረጃ ቡና ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደረጃው ዝቅ ይላል። የውጭ አገር ቆዪዎች በብዛትና በርካሽ ገዝተው ከሌላ ቡና ጋር ይቀላቅሉታል። የይርጋ ጨፌ ስም ሲጠራ ገዢው «ስንት ነው?» ይላል፤ የጅማ ሲጠራ ግን «ስንት ትቀንሳላችሁ?» ይላል። የአረቢካ ቡና መነሻ በሆነው ምድር እምብርት ላይ የተቀመጠች ከተማ ስሟ የማደባለቂያ ስም ሆኖ ቀረ።

«መሬቱ ነዋ! የጅማ ቡና ጣዕሙ እንደዚያው ነው» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ለሚል ሰው ሩቅ ሳንሄድ እዚያው አጋሮ አጠገብ ምስክር አለን። ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእነዚያው ገበሬዎች ቡና በየደጃፉ ደርቆ፣ ከሌላው ጋር ተቀይጦ፣ በርካሽ የሚሸጥ ነበር። ዛፉ አልተለወጠም፤ መሬቱ አልተለወጠም፤ ሰዉም ያው ነው። የተለወጠው ማጠቢያ መትከላቸው፣ ለዚያም ብድርና ሙያዊ ድጋፍ ማግኘታቸው፣ ቡናውም እስከ ገዢው እጅ ድረስ የራሱን ስም ይዞ መሄዱ ነው።

ሌላም ምስክር አለ፤ ይኼኛው የሚያስቆጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን፣ ከጌሻ አካባቢ፣ የተወሰደ የቡና ዘር በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያ አገር ጨረታ ላይ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ሲሸጥ የቡና ዓለም ጉድ አለ። በ2025 ደግሞ ምርጥ ተብሎ ለጨረታ የቀረበው በኪሎ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። ዘሩ የእኛ፣ ስሙም የእኛ፣ ገንዘቡ ግን የፓናማ!

እንግዲህ ጥፋቱ የመሬቱ ካልሆነ የማን ነው? የፖሊሲው ነው እላለሁ። የአንድ መንግሥት ፖሊሲ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ነገር የተስማሙ የብዙ መንግሥታት ፖሊሲ ነው። የተስማሙበትም ነገር ቡናን ወደብ ላይ ደርሶ ዶላር ሲሆን እንጂ ገበሬው ማሳ ላይ እያለ አለማየት ነው።

በደርግ ጊዜ የመንግሥቱ የቡና ገበያ ድርጅት ዋጋ ቆርጦ ይገዛ ነበር፤ ገበሬው ዋጋ የሚሰማው እንደ አዋጅ ነው። በ1981 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ፈረሰና ዋጋው መዋዠቅ ጀመረ። ሥርዓቱ ሲለወጥ ለግል ነጋዴው በሩ ተከፈተ፤ እሰየው ተባለ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን አንዱ ፓውንድ በኒውዮርክ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ያን ጊዜ ለገበሬው የደረሰለት አልነበረም። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ተከለ፤ ባሕር ዛፍ የተከለውም ተከለ። እኛም ከተማ ተቀምጠን «ጫት አገሩን ወረረው» እያልን ገበሬውን ወቀስነው። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው።

ከዚያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተመሠረተ፤ በኅዳር 2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ጀመረ። ፍርድ እንዳላጓድል የሠራውን በጎ ነገር ልናገር። ከዚያ በፊት አቅራቢው ቡናውን አዲስ አበባ አምጥቶ ገንዘቡን ለወራት ይጠብቅ ነበር፤ የሚከዳም ነበር። ምርት ገበያው በማግሥቱ ማስከፈል ጀመረ። የዕለቱን ዋጋ በየገበያው ሰሌዳና በስልክ ለሕዝብ አሰማ። ይህን የሚክድ ሰው የድሮውን የደላላ ዘመን የረሳ ሰው ነው።

ነገር ግን ያመጣው በሽታም አለ። ቡና ጅማ ወይም ቦንጋ ወይም በደሌ መጋዘን ሲገባ ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ የማን እንደነበረ አይጠየቅም። ገዢው የሚገዛው ደረጃውን ነው። ከቤንችና ከሸካ የመጣው ሳይቀር «ጅማ» በሚል ስም ውስጥ ተጠቃልሎ ገባ። ለስንዴና ለበቆሎ ይህ ይሆን ይሆናል። ቡና ግን እንደ ሰው ነው፤ አገሩና ወገኑ ይጠየቃል። አንዱ ገበሬ ቀዩን ብቻ ለይቶ ለቅሞ፣ በአልጋ ላይ አድርቆ ቢያመጣና ሌላው ከነቅጠሉ ሸምጥጦ ቢያመጣ፣ ሁለቱ አንድ ከረጢት ውስጥ ከተገናኙ የመጀመሪያው ሞኝ ነው። ሰውን ሞኝ የሚያሰኝ ሥርዓት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉንም ሸምጣጭ ያደርጋል። «ጅማ አምስት» የተወለደው ከምርት ገበያው በፊት ቢሆንም፣ ስሙን የማይጠይቅ ገበያ ዕድሜውን አራዘመለት።

ስምን በተመለከተ ሌላም የሚወሳ ታሪክ አለ። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ግድም የቡና ስሞቻችንን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሳ። ከስታርባክስ ጋር የተደረገውን ሙግት ያላወራ አልነበረም፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ። ጥሩ ትግል ነበር። ግን የተመረጡት ስሞች ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ ነበሩ። ሊሙ አልነበረበትም፤ ጅማም አልነበረበትም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የጅማን አጥር ግን መጀመሪያ የነቀነቅነው እኛው ነን። ይህም ሆኖ ሹማምንቱ ቡና የበቀለው ጎማ ወረዳ ጮጬ ነው፣ የለም ካፋ ማኪራ ነው እያሉ ሲከራከሩ ይኸው ዘመን አለፈ። ልጁ የት እንደተወለደ የምንከራከረውን ያህል የልጁን ደመወዝ ማን እንደሚበላ ብንጠይቅ ኖሮ እስካሁን አንድ ነገር ላይ በደረስን ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ወደ እርስዎም ቤት ይመጣል። በዚያው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602 ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ አገደ። ለአገር ውስጥ የተፈቀደው ለላኪ አልበቃም ተብሎ የተመለሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ቄጤማ ጎዝጉዘን፣ ዕጣን አጢሰን፣ አቦል ቶና በረካ ብለን የምናከብረው ቡና የሌላው ዓለም ተራፊ ሆኖ ኖረ ማለት ነው። ገበሬውስ ከጓሮው ለቅሞ ይጠጣል። የጅማ ከተማ ነዋሪ ግን ከተማውን የከበበውን ቡና ምርጡን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ መጠጣት ወንጀል ሆነበት። ይህን ያህል ቡና የምትጠጣ አገር፣ ከምርቷ ግማሽ ያህሉን ራሷ የምትጨርስ አገር፣ ለራሷ ሰው ጥሩ ቡና መሸጥን ስትከለክል ጥሩ ቡና የሚያመርተውን ገበሬ ደጃፉ ላይ ካለ ገበያ አቆራረጠችው።

ለምን? መልሱ አንድ ነው፤ ዶላር። መንግሥት ዶላር ስለፈለገ ቡናውን ሁሉ ወደ ወደብ ነዳ። ላኪውም ዶላር ስለፈለገ ለዓመታት እየከሰረም ላከ። እንዴት እየከሰረ ይልካል ቢሉ፣ በቡናው ላይ የጎደለበትን በዶላሩ ባስመጣው መኪናና ሸቀጥ ላይ እጥፍ አድርጎ ያወጣው ነበር። ቡናችን እንግዲህ ሸቀጥ ማስመጫ ቲኬት ሆኖ ሰነበተ። ቲኬት ደግሞ ጣዕም አይጠየቅም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ይህ ጨዋታም ብዙ ጉልበቱን አጣ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1051 ደግሞ ቡና ከነመነሻው የሚሸጥበትን መንገድ ከፍቷል፤ የቀጥታ ትስስር የሚባለው ግብይትም ተከትሎ መጥቷል። እነዚህ መልካም እርምጃዎች ናቸው። የዘገዩ ናቸው እንጂ።

በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከ460 ሺህ ቶን በላይ ቡና ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ገቢ 1.4 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ብራዚልን ድርቅ መትቶ በ2017 ዓ.ም. የአረቢካ ዋጋ በኒውዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ዶላር በላይ ስለወጣ ሰማዩ ፈገግ አለልን። ጭብጨባውን ሰማን። ግን በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን! ክረምት ላይ እህል ያለቀበት ገበሬ ገና ያልቀላውን ቡና አስቀድሞ ለሰብሳቢ ይሸጠዋል፤ የባሰበት ማሳውን በወለድ አገድ ያሲዛል። ቡና ዘይትም ጤፍም አይሆንም፤ ተሸጦ ነው እህል የሚሆነው። ጥቅምት ላይ ዋጋው ሰማይ ቢነካ ቡናው የእሱ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው 2.6 ቢሊዮኑ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

አሁን ደግሞ ከውጭ አዲስ ነገር መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባበት ከልክሏል። እያንዳንዱ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ነጥቡ ይታወቅልኝ ብሏል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ፣ ለትላልቆቹ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. ወደ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል። ጀርመንን የመሰለ ትልቅ ደንበኛ ያለው አገር «አያገባኝም» ሊል አይችልም።

የነገሩን ምፀት ልብ ይበሉ። ለዓመታት የቡናውን መነሻ ስናጠፋ ኖረን፣ ዛሬ ገዢው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀን መነሻውን ነው። ሌላም ምፀት አለ። የጌራና የበለጠ ደን እስከ ዛሬ ከቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ቡና ከጥላው ሥር መብቀሉ ነው። ገበሬው ዛፉን ያልቆረጠው ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ነው። ደኑን ጠብቆ ያቆየው ሰው «ደን አልመነጠርኩም» ብሎ ማስረጃ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። የግማሽ ሄክታር ባለቤት ይህን ወጪ ከየት ያመጣዋል? አቅም ያለው ላኪ መዝግቦ መረጃውን በእጁ ካስገባ ደግሞ ገበሬው ቡናውን ለሌላ መሸጥ ቢፈልግ እንኳ ማስረጃው በሌላ ሰው ኪስ ነው። ትናንት ስሙን ወሰድን፤ ነገ አድራሻውን ልንወስድበት ነው?

«አገር ያለ ዶላር በምን መድኃኒት ትግዛ? በምን ነዳጅ ታስገባ?» ይሉኛል። ትክክል ነው። ግን ዶላሩን የሚያበዛው የትኛው ነው? አምስተኛ ደረጃ ቡና ጨምሮ ጨምሮ መላክ ነው ወይስ ያንኑ ቡና እንደ ዱሮሚና አንደኛ አድርጎ መላክ? ደሀ አድርገን ያኖርነው ገበሬ ዋጋ በወረደ ቀን መጥረቢያውን ያነሳል። ይህንንም በ1994 አይተነዋል። ገበሬውን መጥቀም ለዶላርም የሚበጅ መንገድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሊሙ፣ ጎማና ጌራ እንደ ይርጋ ጨፌ በየራሳቸው ስም ይመዝገቡ፣ ይከበሩም። የማሳው መረጃ የገበሬውና የማኅበሩ ንብረት ይሁን፤ የምዝገባውን ወጪ መንግሥትና የውጭ ገዢዎች ይሸከሙት። ገበሬው ቡናውን በአበባው እንዳይሸጥ ክረምት ላይ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ብድር ይድረስ። ምርጡ ቡና ለአገሬው ሰውም በነጻነት ይሸጥ፤ ጅማ የራሷን ቡና ትጠጣ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልብቃ። ባለሥልጣናት በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይህን ያህል ቶን ላክን፣ ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር አገኘን ብለው መግለጫ ይሰጣሉ። በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያ አዳራሽ የሚቀመጥ ጋዜጠኛ እጁን አውጥቶ፣ «የጎማ ገበሬ አንድ ኪሎ ቀይ እሸት ስንት ሸጠ? ከዚያ ውስጥ በአበባው የተሸጠው ምን ያህሉ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ከሰጡ የቡና ፖሊሲ አለን ማለት ነው። ካልሰጡ ያለን የዶላር ፖሊሲ ብቻ ነው።