ስለ ወንጀል ክስና ስለ ቅጣቱ ልክ

አንድ ሰው በወንጀል ተከሰሰ በተባለ ጊዜ ዘመድ ወዳጁ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ዓመት እንደሚፈረድበት ነው። ጥያቄው ከጭንቀት የሚመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም። መልሱ ግን የሚገኘው በገበያና በደጀ ሰላም ከሚወራው ወሬ ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ ጽፎ ለፍርድ ቤት ካቀረበው የክስ ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት አንብበው ሊያስረዱ የሚችሉ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱና በየደብሩ ሳሉ፣ ነገሩ የጠበቃ ሥራ ብቻ ነው ብለው በመተዋቸው፣ ያልተማረው ቤተ ሰብ ዓመት አስቀንሳለሁ ለሚል ደላላ በሬውን ሸጦ ይሰጣል።

በዛሬው ቀን የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ከእርሱ በፊት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም በፊት የ1923 ዓ.ም. ሕግ ነበሩ። ከሁሉም አስቀድሞ ሊቃውንቱ በግዕዝ የሚያነቡት ፍትሐ ነገሥት ለነገሥታቱ ችሎት መመሪያ ሆኖ ኖሯል። ወዶ የገደለና ሳይወድ የገደለ በአንድ ሚዛን እንደማይመዘኑ ከዚያ መጽሐፍ የተማረ ካህን የአሁኑን ሕግ ቢያነብ እንግዳ አይሆንበትም።

የአሁኑ ሕግ በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች የሚያጸናው መሠረት፣ ሕግ አስቀድሞ ወንጀል ነው ብሎ ያልደነገገውን ሥራ ዳኛ በማመሳሰል ወንጀል ሊያደርገው እንደማይችል ነው። ደግሞም በአንቀጽ 23 እንደ ተጻፈው፣ ወንጀል ሆነ ለማለት ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ የሚባሉት ሦስቱ ፍሬ ነገሮች በአንድነት መገኘት አለባቸው፤ ይኸውም ሥራውን የሚከለክል ሕግ፣ የተፈጸመው ሥራ ራሱ፣ የሠሪውም አሳብ ወይም ቸልተኝነት ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በነፍስ ግድያ ማየት ይቻላል። አስቀድሞ አስቦና ተዘጋጅቶ፣ ወይም እጅግ ጨካኝነቱን በሚያሳይ አኳኋን የገደለ ሰው በአንቀጽ 539 ይከሰሳል፤ ቅጣቱም የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ነው። አስቦ ገድሎ ይህን የመሰለ ማክበጃ ያልተገኘበት በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ይፈረድበታል። ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ ወይም በከባድ ማነሣሣት ተቆጥቶ የገደለ ግን በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ይቀጣል። በቸልተኝነት የገደለውን አንቀጽ 543 ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም ከ2000 እስከ 4000 ብር መቀጮ ይፈርድበታል፤ ነገር ግን እንደ ሐኪምና እንደ መኪና ነጂ ያለው፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። እንግዲህ የሞተው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ከገንዘብ መቀጮ እስከ ሞት ይሰፋል። «ገደለ» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ዓመቱ ምንም አይናገርም።

የእሥራቱ ስምም ቢሆን ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። ቀላል እሥራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲሆን፣ ሕጉ በፈቀደው ስፍራ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ጽኑ እሥራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት፣ ሕጉ ለይቶ በጻፈው ጊዜም የዕድሜ ልክ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 111፣ ክስ የተከሳሹን ስም፣ የወንጀሉን ፍሬ ነገር፣ ጊዜውንና ስፍራውን፣ ተላለፈ የተባለውንም የሕግ አንቀጽ መያዝ እንዳለበት አዝዟል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ክሱን በጽሑፍ እንዲያገኝና ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ደንግጓል። ይህ እየታወቀ፣ ገና በተያዘ ሰው ላይ «ወንጀለኛው» እያሉ ደብዳቤ የሚጽፉ ሹማምንት አሉ። ባለሥልጣን በማኅተሙ ሥር የሚያሰፍረው ቃል የፍርድን መልክ ስለሚይዝ፣ ሰውየው በነጻ ቢለቀቅ እንኳ ስሙ ከመዝገብ ቤት አይወጣም። «ሰረቀ» እና «በውንብድና ወሰደ» የሚሉትንም እንደ አንድ ቃል የሚያቀያይሩ አይታጡም። ተራ ስርቆት ቀላል እሥራት ወይም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ሲያስቀጣ፣ ኀይል ወይም ዛቻ ያለበት ውንብድና ከ1 እስከ 15 ዓመት ያደርሳል።

ሕጉ በሰጠው ወለልና ጣሪያ መካከል ዳኛው የሚመርጥበት ስፍራ ሰፊ ነው። ስፍራው እጅግ ሰፍቶ ተመሳሳይ ጥፋት በተለያየ ችሎት እጅግ የተራራቀ ቅጣት እንዳያስከትል፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. አሻሽሎታል።

ካህናትና ሽማግሌዎች በብዙ የሚደክሙበት የደም ዕርቅም ከዚህ ጋራ ይገናኛል። ሁለቱ ወገኖች ታረቁ ተብሎ የነፍስ ግድያ ክስ አይቀርም፤ በዕርቅ የሚቀረው ሕጉ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ ይከሰስ ያለው ቀላል ጥፋት ነው። ሆኖም ዕርቁ ከንቱ አይደለም። አንቀጽ 82 ጥፋቱን ያመነ፣ ራሱን ለሹም ያስረከበ፣ የበደለውን በተቻለው የካሠ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ለፍርድ ቤት የሚሰጡት ወረቀት ስለ ጠባዩ መልካምነት በጥቅሉ ከሚያወራ ይልቅ፣ ሰውየው በምን ቀን እንዳመነ፣ ለማን ምን ያህል ካሣ እንደ ከፈለ፣ ማን እንደ መሰከረ ለይቶ ቢጽፍ ይሻላል። ጊዜውም የጥፋተኛነቱ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ፣ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ነው፤ በዚያን ሰዓት ዳኛው ዐቃቤ ሕጉንም ተከሳሹንም ስለ ቅጣቱ አስተያየት ይጠይቃል።