ቀኑን የረሳው ክፉ ቀን

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዛሬ የጨፈገገ ሰማይን፣ የተበላሸ የፈተና ውጤትን፣ ብርሃን የማይገባበትን ክፍል በአንድ ቃል «ዲዝማል» ይለዋል። ቃሉ የድብርት ቅጽል ሆኗል። በ13ኛው መቶ ዘመን ግን ስም ነበር፤ ያውም በቀን መቁጠሪያ ላይ ጣት አስቀምጠው የሚያሳዩት። ምንጩ የላቲኑ «ዲዬስ ማሊ»፣ ማለትም «ክፉ ቀናት» ነው፤ እንግሊዝ የደረሰውም በኖርማኖቹ ፈረንሳይኛ በኩል ነው። ቀኖቹ በየወሩ ሁለት፣ በዓመት 24 ነበሩ። በብዛት ከተገለበጡት ዝርዝሮች አንዱ በጃንዋሪ 1 እና 25 ጀምሮ በዲሴምበር 7 እና 22 ያበቃል። በእነዚህ ቀናት ለሕክምና ደም አይወጣም፣ መንገድ አይጀመርም፣ የቤት መሠረት አይጣልም።

እንዲህ በቀን የተለካ ቃል እንዴት እንደ ጉም ልል ሆነ? ሳይንስ መጣ፣ አጉል እምነት ሸሸ የሚለው መልስ ይቀናል፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። ኮፐርኒከስ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1543 ሲያሳትም ቃሉ ቀኖቹን መርሳት ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ተግሣጽም አልገደለውም። አውግስጢኖስ እነዚህን ቀናት የሚጠብቁ ክርስቲያኖችን ወቅሷል፤ በ1140 ገደማ የተጠናቀረው የግራቲያን የቀኖና ስብስብም አውግዟቸዋል። መነኮሳቱ ግን በመዝሙረ ዳዊታቸው መግቢያ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀኖቹን ምልክት እያደረጉባቸው መገልበጥ አላቆሙም።

እኔ የውድቀቱን መነሻ የማየው ከውልደቱ ነው። ቀኖቹ ሌላ ስም ነበራቸው፤ «የግብፅ ቀናት» ይባሉ ነበር። በ354 ሮም ውስጥ የተዘጋጀ የቀን መቁጠሪያ በዚሁ ስም ምልክት አድርጎባቸዋል። ሮማውያን ግብፅን የኮከብ ቆጠራ አገር አድርገው ስለሚያዩ፣ ቀኖቹን የግብፅ ኮከብ ቆጣሪዎች ደረሱባቸው ማለት ለማንም የሚዋጥ ነገር ነበር። ትክክለኛው ኮከብ ቆጠራ ግን እንዲህ አይሠራም። የእስክንድርያው በጥሊሞስ በ2ኛው መቶ ዘመን ሳተርንን ክፉ ያለው ብርዱ ስለበዛ፣ ማርስን ክፉ ያለው ድርቀቱ ስለበዛ ነው፤ ጉዳታቸውም በየጊዜው በሚቆሙበት ስፍራ ይለካል። ለዚህ ሠንጠረዥና ስሌት ያስፈልጋል። የግብፅ ቀናት ስሌት አይጠይቁም። ሳተርን የትም ይዋል፣ ጃንዋሪ 25 ሁልጊዜ ክፉ ነው። ገበሬውም መነኩሴውም በቀላሉ ስለሚይዘው ተስፋፋ፤ በዚያው ምክንያት «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው አልነበረውም።

ጥንታዊቷ ግብፅ ራሷ ምክንያት ነበራት። ካይሮ ሙዚየም የሚገኝ የራምሴሶች ዘመን ፓፒረስ እያንዳንዱን ቀን ሦስት ቦታ ከፍሎ ደጉን ከክፉው ይለያል፤ ምክንያቱም ከአማልክት ታሪክ የተቀዳ ነው። ከሁሉም የሚፈሩት በዓመቱ መጨረሻ የሚጨመሩት አምስት ቀናት ነበሩ። ሦስተኛው ሴት የተባለው ጠበኛ አምላክ የተወለደበት ነው፤ የግብፅ ነገሥታት በዚያ ቀን ሥራ እንደማይሠሩ፣ እስኪመሽ ድረስም ሰውነታቸውን እንደማይንከባከቡ ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፏል። እነዚያ ቀናት በእስክንድርያ አቆጣጠር በኩል ወርደው የእኛ ጳጉሜን ሆነዋል። ሦስተኛዋ ቀን ዛሬ የቅዱስ ሩፋኤል ናት፤ ልጅ አዋቂው ዝናቧን በረከት ብሎ ይታጠብባታል። የቀኑ ቁጥር ያው ነው፤ የሚነገርለት ታሪክ ሲለወጥ ፍርሃቱ ወደ ደስታ ዞረ። ወደ አውሮፓ የተሻገረው ስምና ቁጥር ብቻ ስለነበር እንዲህ ለመለወጥ እንኳ አልቻለም። የቀረው ዕድል መረሳት ነበር።

የመርሳቱ ማስረጃ እጅ ከፍንጅ የተያዘው እንግሊዛዊው ገጣሚ ቾሰር ዘንድ ነው። በ1370 አካባቢ በጻፈው «መጽሐፈ ዱቼስ» ውስጥ ቃሉን ከግብፅ አሥሩ መቅሠፍቶች ጋር ያያይዘዋል። በፈረንሳይኛ «ዲስ» አሥር ስለሆነ «ዲስ ማል» አሥር ክፋት መስሏል። «ዲስ» ቀን መሆኑ ሲጠፋ ሰው «ዲዝማል ቀን» ማለት ጀመረ፤ ቀን ላይ ቀን ደረበበት። ያን ጊዜ ስሙ ቅጽል ሆነ። ሐኪሞቹም በወገባቸው በሚያንጠለጥሉት ተጣጣፊ የቀን መቁጠሪያ ጨረቃ የትኛው ኮከብ ላይ እንደዋለች እያዩ ደም የሚያወጡበትን ሰዓት ይመርጡ ነበር። ያም ስሕተት ነው፤ ግን የሚለዋወጥና የሚሰላ ስሕተት በመሆኑ ደረቁን ዝርዝር አስረጀው።

ቀኖቹ በመረሳታቸው አላዝንም። የታመመን ሰው ሕክምና በከንቱ አዘግይተዋል፤ የሰውን ጥፋትም ለቀን አሸክመዋል። ሆኖም ያን ዝርዝር የያዘ ሰው 341 ቀን ከዚያ ስጋት ነጻ ነበር፤ ዝርዝሩ ለክፋት ወሰን ሰጥቶታል። ወሰኑ ሲፈርስ ቃሉ የተናጋሪው ስሜት በወሰደው ሁሉ ላይ የሚለጠፍ ሆነ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አጠቃቀም የጸሐፊው ቶማስ ካርላይል ነው። በ1849 ባወጣው ጽሑፍ ከባርነት የወጡት የካሪቢያን ጥቁሮች ተገድደው እንዲሠሩ ተከራከረ፤ ነገሩን ለአቅርቦትና ለፍላጎት የተወውን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ደግሞ «ዲዝማሉ ሳይንስ» አለው። ቀን የለም፣ ኮከብ የለም፤ በክፉ ቀን ስም የተሰደበው ሰውን አስገድዶ ማሠራትን ያልደገፈ ትምህርት ነበር።