ጀልባው መጣ፣ ዋናውስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለህ በለኝ! የጀልባ ባለቤት ሆንኩልህ!"

"እንኳን ደስ ያለህ! ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?"

ሳቀብኝ። "ጋሼ ደግሞ! ጀልባ የተገዛው እንዳንዋኝ አይደል እንዴ?"

እናላችሁ፣ ይቺን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ልጁ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ከእሱ በፊት ስንትና ስንት "የሚመለከታቸው አካላት" በዚሁ አስተሳሰብ ነው ጀልባውን ያስረከቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ጓደኛሞች ተደራጁ። "ጥቃቅንና አነስተኛ" ተባሉ፣ ማኅተም አስቀረጹ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ብድር ወሰዱ። አክስቴም ለክፉ ቀን ያለቻትን ጥሪት ጨመረችበት። ሦስት ቀን ሰለጠኑ። "ምን ተማራችሁ?" ብለው የሂሳብ አያያዝ፣ የቢዝነስ ዕቅድ አዘገጃጀትና "የአመለካከት ለውጥ" አለኝ። ስልጠናው አዳራሽ ውስጥ ነው። በሦስቱም ቀን አንድ ሰው እንኳ እግሩን ውሃ አልነካውም። ከዚያ ጀልባው መጣ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሱ። ሪፖርቱ ላይም "ለአምስት ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ" ተብሎ ተጻፈ። በቃ! ለልጆቹ ሥራው በተጀመረበት ቀን ለቢሮው አለቀ።

ጎበዝ፣ ጀልባ ለብቻው ዓሣ አይዝም። ዓሣ የሚይዘው መረብ ነው። መረብ ደግሞ ይቀደዳል፣ ይሰረቃል፣ ጉማሬ ይበጣጥሰዋል። ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ በነፋስ እየተገፋ ሲመጣ ማታ የጣሉትን መረብ ጠዋት አያገኙትም። የሞተሩንም መዘውር እየተጠመጠመ ያንቃል። ስለዚህ አዲስ ባለ ጀልባ የጀልባውን ዋጋ ያህል ለመረብ፣ ለመለዋወጫ፣ ለነዳጅና ለበረዶ ካልያዘ፣ የገዛው ጀልባ ሳይሆን ዕዳ ነው። የነዚህ ልጆች ብድር ግን ጀልባውና ሞተሩ ላይ አለቀ። የተረፈችው ሁለት መረብ ገዛች።

የነዳጁን ነገርማ ተዉት። "ቤንዚን በጄሪካን አይቀዳም" ተባለ። መመሪያው ጥቁር ገበያን ለመከላከል የወጣ ነው፣ እሺ። ግን ጀልባ ጎማ የለው! ተሸክመውት ማደያ ይሰለፉ? "ደብዳቤ አምጡ" ተባሉ። ደብዳቤ የሚጽፈው ሰውዬ ስብሰባ ነው። ስብሰባው ምን እንደሆነ ልጁ ሲጠይቅ "ስለ ወጣቶች የሥራ ዕድል" አሉት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ!

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሞተሩ መሐል ሐይቅ ላይ ቆመ። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ስንት በስንት እንደሚደባለቅ የነገራቸው አልነበረም። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ጣናን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ውሃ ነፋስ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። እንዲህ ሰፊና ሜዳ የሆነ ውሃ ማዕበሉ ቶሎ ይነሳል። ደግሞስ ለማይዋኝ ሰው ሁለት ሜትርም ውቅያኖስ አይደል? ላይፍ ጃኬት የላቸውም፤ የግዢው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። መቅዘፊያም የላቸውም፤ ሞተር ላለው ጀልባ ምን ያደርጋል ተብሎ ነዋ! ጀልባው ውሃ ይቀበል ጀመር። አምስቱ በጫማቸው ውሃ እየቀዱ ሲደፉ መሸ።

ማን አዳናቸው መሰላችሁ? በደንገል ታንኳ ያለፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ገመድ ወርውረው፣ ሌላ ታንኳ ጠርተው ወደ ዳር ጎተቷቸው። በማግስቱ ልጁ ሲደውልልኝ ድምፁ ተቀይሯል። "አባባ ምን አሉን መሰለህ? 'ሰማዩን ሳታዩ ነው የወጣችሁት?' አሉን። ጋሼ፣ እኛ ሰማዩን ምን ብለን እንየው?"

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር ልናገር። እኚህ ሽማግሌ ከነገደ ወይጦ ወገን ናቸው። ጣናን በታንኳ ሲኖሩበት ዘመን የቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ነፋሱን፣ ጉማሬው የሚውልበትን፣ ቀረሶው የሚጠጋበትን ያውቃሉ። እኛ ደግሞ ለዘመናት አብረናቸው ማዕድ ላለመቁረስ ስንሸሽ፣ ስማቸውን ለስድብ ስናውል የኖርን ነን። እዚያ አዳራሽ ውስጥ "የአመለካከት ለውጥ" ሲሰጥ አንድ እንኳ የነሱ አስጋሪ ቆሞ እንዲያስተምር አልተጋበዘም። ታዲያ የአመለካከት ለውጥ የሚያስፈልገው ማንን ነው?

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብድሩ በየወሩ ይከፈላል። ዓሣ ግን በየወሩ ደሞዝ አይከፍልም። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ ነውና ዋጋው ይሰቀላል፤ ፋሲካ ሲደርስ አገሩ ሁሉ ወደ በግና ወደ ዶሮ ይዞርና ገበያው ይቀዘቅዛል። በረዶ የሌለው አስጋሪ ከነጋዴ ጋር ለመከራከር አቅም የለውም። ፀሐይ በወጣ ቁጥር የሚበላሸው የሱ ዓሣ ነው፤ ነጋዴው ምን ቸገረው? ትንሽ ቢታገሥ ራሱ ይለመናል።

ከዚያ ክረምት ይገባል። ጣና ውስጥ "ነጭ ዓሣ" ከምንላቸው መካከል በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል ዓይነቶች አሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ ወዲህ ዕንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲያልፉ፣ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ በር ላይ ቆሞ ነፍሰ ጡር እንደመዝረፍ ነው። ግን ዕዳ ያለበት፣ ልምድ የሌለው፣ ሐይቁ መሐል መውጣት የሚፈራ ጀማሪ በቀላሉ ዓሣ የሚያገኘው የት ነው? እዚያው! እናም የብድሩ ቀን መቁጠሪያ ልጁን እየገፋ የዓሣው ዘር የሚተካበት በር ላይ ያቆመዋል። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በ1978 ዓ.ም. ግድም ጣና ላይ ከገባ ወዲህ እነዚህ ዓሦች ክፉኛ መመናመናቸውን አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ታዲያ አንዱ ቢሮ ጀልባ ሲያድል ሌላው ቢሮ "ዓሣው እያለቀ ነው" ብሎ ዐውደ ጥናት ያዘጋጃል። ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው ናቸው። ጀልባ የሚቆጥር ሞልቷል፤ ዓሣውን ማን ይቁጠር? ዓሣ ግማቱ ከአናቱ አሉ።

"ታዲያ ሥራ አጥ ወጣት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነው የምትለው?" የሚል አይጠፋም። አላልኩም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የአክስቴ ልጅም ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ግን መኪና የማይነዳ ሰው በብድር መኪና ሰጥተን "ሥራ ፈጠርንለት" እንላለን? መንጃ ፈቃድ እንጠይቀዋለን። ውሃ ላይ ሲሆን ምን ነካን?

ጀልባ ልትገዛ ያሰብክ ወንድሜ፣ የኔን ምክር ብትሰማ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዋና ተማር። ቀጥሎ አንድ ሙሉ ዓመት በሌላ ሰው ጀልባ ላይ በቀን ሠራተኛነት ውጣ፤ ጾሙንም ፋሲካውንም፣ በጋውንም ክረምቱንም እይ። መረብህን ራስህ መጠገን እስክትችል ጀልባ አትግዛ። ሞተርህ አዲስም ቢሆን መቅዘፊያ ያዝ። ላይፍ ጃኬቱን ከመረቡ በፊት ግዛ። ዓይነ ጠባብ መረብ ርካሽ ነው ብለው ሲያመጡልህ እምቢ በል፤ ዛሬ ጫጩቱን ከበላኸው የከርሞ ዕዳህን በምን ትከፍላለህ?

እናንተ አበዳሪዎችና አደራጆች ደግሞ፣ ክፍያውን ከዓሣው ወቅት ጋር አስማሙት፤ ዓሣ በሚራባበት ጊዜ ክፍያ አትጠይቁ። አሰልጣኝ ስትፈልጉ ከሆቴል አዳራሽ ወጥታችሁ ሐይቁ ዳር ውረዱ። አበሉንም ለታንኳ ሠሪው ሽማግሌ ስጡት፣ ያስተምርበታል።

የአክስቴ ልጅስ? ከአምስቱ ሦስቱ ትተው ሄዱ። ዋስ ተዋዋሱ አላልኳችሁም? የሦስቱም ዕዳ እሱና አንድ ጓደኛው ላይ ወደቀ። ሞተሩን ሸጠው ከፈሉ፤ አክስቴ ጥሪቷን አላገኘችም። ጀልባው ግን አለ። በቀዘፋ ይወጣሉ፣ ከዳር ብዙ አይርቁም። ባለፈው ስደውልለት "ጋሼ፣ አሁን ዋና እችላለሁ" አለኝ። ማን አስተማረህ ብለው "አባባ" አለኝ።

ስልጠናውን የሰጠው ቢሮ ሪፖርት ላይ ግን አምስቱም ዛሬም "ውጤታማ ወጣቶች" ናቸው።